ይግባኙን እየጠበቅሁ ቀኑ ቢያልፍብኝስ?

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ በአንድ ኬር ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ጃንዋሪ «ከባድ ጥፋት» ተብዬ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ተሰናበትኩ። ደብዳቤው የተጻፈው ጃንዋሪ 9 ቀን 2026 ነው፤ እኔ ማንቸስተር እህቴ ጋ ስለነበርኩ ከፍቼ ያነበብኩት ጃንዋሪ 13 ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ይግባኝ አቅርቤ ፌብሩዋሪ ላይ ሰሙኝ፤ ውሳኔው ግን እስካሁን አልመጣም። ስደውል የኤችአር (የሰው ኃይል አስተዳደር) ኃላፊዋ «ይግባኙ ሳያልቅ ወደ ትራይቡናል፣ ወደ ሥራ ክርክር ችሎቱ፣ መሄድ አትችዪም» ትለኛለች። የጃንዋሪ ደሞዜና ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድ አልተከፈለኝም። አለቃዬ ደግሞ በእንግሊዝኛ አነጋገሬ ሰው ፊት ደጋግሞ ያፌዝብኝ ነበር። አንድ ወዳጄ «አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ ስድስት ወር አለሽ» አለኝ። ጊዜ አለኝ ወይስ አልፎኛል?

ምላሽ፦

አላለፈዎትም። ነገር ግን የቀረዎት ጊዜ ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም፣ በመሃሉም የፈረንጆቹ ፋሲካ በዓል አለ። ይህን የምጽፈው ዓርብ ማርች 20 ቀን 2026 ነው። የምመክርዎት ሰኞ ማለዳ ኤካስ የሚባለውን አስማሚ ተቋም እንዲያነጋግሩ ነው፤ ይግባኙንም፣ ኤችአርንም፣ ወዳጅዎ ያሉትን አዲስ ሕግም ሳይጠብቁ።

መጀመሪያ ቀኑን እንቁጠር። ያለ አግባብ ተሰናበትኩ ለሚል ክስ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ሲቀነስ አንድ ቀን ነው። ይህ «ሲቀነስ አንድ ቀን» የሚባለው ነገር የመጣው የተሰናበቱበት ቀን ራሱ እንደ መጀመሪያ ቀን ስለሚቆጠር ነው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ሥራው ያበቃበትን ቀን ይዘው አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ከዚያ በካላንደሩ ሦስት ወር ወደ ፊት ይሄዳሉ። ጃንዋሪ 9 ወደ ጃንዋሪ 8፣ ከዚያ ኤፕሪል 8። ከጳጉሜ በቀር ወሩ ሁሉ ሠላሳ ቀን ከሆነበት አገር የመጣን ሰዎች ሦስት ወር ሲባል ዘጠና ቀን ብለን የመቁጠር ልማድ አለን። በእርስዎ ጉዳይ በአጋጣሚ ሁለቱ ገጥመዋል፤ ለሌላ ሰው ግን 89 ወይም 92 ሊሆን ይችላልና ቀን እየደመራችሁ አትቁጠሩ።

«ያነበብኩት እኮ ጃንዋሪ 13 ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ክርክሩ ባዶ አይደለም፣ እንዲያውም ጠንካራ ነው። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጊስዳ በሚባል የዌልስ ድርጅት ጉዳይ የወሰነው ከእርስዎ ታሪክ ጋር ይቀራረባል። የስንብት ደብዳቤው ኖቬምበር 29 ቀን 2006 ተላከ፤ በማግስቱ ቤት ደረሰና ሌላ ሰው ፈርሞ ተቀበለው። ሠራተኛዋ ግን እህቷ ወልዳ ለመጠየቅ ለንደን ሄዳ ነበር፣ ተመልሳ የከፈተችው ዲሴምበር 4 ነው። ክሱን ያስገባችው ማርች 2 ቀን 2007። ደብዳቤው ቤት ከደረሰበት ቀን ቢቆጠር ዘግይታለች፣ ካነበበችበት ቢቆጠር አልዘገየችም። ፍርድ ቤቱ ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው ሠራተኛው ደብዳቤውን ካነበበበት ወይም ለማንበብ ምክንያታዊ ዕድል ካገኘበት ቀን ነው ብሎ ፈረደላት።

ታዲያ ለምን ኤፕሪል 8 እላለሁ? ያቺ ሴት ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ስትል እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተጎትታ ስለሄደች። እርስዎ ገና ጊዜ በእጅዎ እያለ እንዲህ ያለ ክርክር መግዛት የለብዎትም። አሠሪው «ስልክ ተደውሎላት ነግረናታል»፣ «ኢሜይልም ልከን ነበር» ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ጃንዋሪ 13 የሚለው ቀን ይናጋል። ለጥንቃቄ ሁልጊዜ መቁጠር ያለብዎት ሊሆን ከሚችለው ቀን ሁሉ ከቀደመው ነው። ደግሞም ከጃንዋሪ 13 ቢቆጠር የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 12 ይሆናል፤ ዘንድሮ የእኛ ፋሲካ የሚውለው በዚያው ዕለት ነው። ከቅዳሴ መልስ ዶሮ ወጥ ፊት ቁጭ ብሎ ፎርም መሙላት አይመከርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኤችአር የነገረችዎት ስህተት ነው። ሆን ብላ ይሁን ሳታውቅ መናገር አልችልም፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው። የመሥሪያ ቤት ይግባኝ ሰዓቱን አያቆመውም። ይግባኙ ተቀባይነት ካገኘ ስንብቱ እንዳልነበረ ይሆናል፣ ሥራዎም ሳይቋረጥ እንደቀጠለ ይቆጠራል፤ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ውድቅ ከሆነ ግን፣ ውል ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በስተቀር፣ ሥራዎ ያበቃበት ቀን ይግባኙ የተወሰነበት ቀን ሳይሆን ያው የመጀመሪያው ጃንዋሪ ነው። ማለትም ውሳኔው ኤፕሪል 20 ላይ «አልተቀበልነውም» ብሎ ቢመጣ፣ የእርስዎ ቀን ካለፈ 12 ቀን ሆኖታል።

ይህ ምን ያህል ጨካኝ ሊሆን እንደሚችል ከሚያሳዩት አንዱ የሳውዝኤንድ ካውንስል ጉዳይ ነው። ሁለት የካውንስሉ ሠራተኞች ነዳጅ ሰርቃችኋል ተብለው በወንጀል ይፈረድባቸውና ከሥራ ይባረራሉ። በወንጀሉ ይግባኝ ብለው ፍርዱ ተሻረላቸው፣ ነጻ ወጡ። ካውንስሉ ግን አልመልሳችሁም አላቸው። ያን ጊዜ ክስ ሲያቀርቡ ጊዜው አልፏል ተባሉ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ1984 ያንኑ አጸና። ንጽሕናቸው በፍርድ ቤት ተረጋግጦ እንኳ «ይግባኛችንን ስንጠብቅ ነበር» የሚለው ምክንያት አላዳናቸውም። ኬር ሆሙ ውስጥ ያለ ይግባኝ ታዲያ ከዚህ አይበልጥም።

ከኤችአር ወይም ከአለቃ «ግድ የለሽም፣ ቀኑን አንቆጥርብሽም» የሚል ቃል ቢሰጥዎትም፣ በጽሑፍ እንኳ ቢሆን፣ አይተማመኑበት። አገር ቤት ሕግ የሚያውቁ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። በኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ይርጋን፣ ማለትም የክስ ጊዜ ማለፉን፣ ተከሳሹ ካላነሳው ዳኛው በራሱ አያነሳውም። በእንግሊዝ ትራይቡናል ግን ቀኑ የሥልጣን ጉዳይ ነው፦ ካለፈ፣ ዳኛው ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለውም፣ አሠሪው ዝም ቢል እንኳ ራሱ ማንሳት አለበት። ስለዚህ አሠሪዎ ይቅር ሊልልዎት የሚችል ነገር አይደለም።

ሰዓቱን ሊያቆምልዎት የሚችለው ኤካስ ነው። ኤካስ ሠራተኛና አሠሪን የሚያስማማ የመንግሥት ተቋም ሲሆን አገልግሎቱ በነጻ ነው። ለአብዛኛው ክስ መጀመሪያ እሱን ሳያነጋግሩና ሰርተፊኬት ሳይዙ ወደ ትራይቡናል መግባት አይቻልም። ፎርሙ በኢንተርኔት የሚሞላ አጭር ነገር ነው፦ የእርስዎ ስምና አድራሻ፣ የአሠሪው ስምና አድራሻ፣ ሥራው ያበቃበት ቀን። በደል የተፈጸመብዎትን ሁሉ እዚያ መተረክ አይጠበቅብዎትም። ማስማማቱን ባይፈልጉት «አልፈልግም» ብለው ሰርተፊኬቱን ብቻ መውሰድ ይችላሉ። እኔ ግን ዕድል እንዲሰጡት እመክራለሁ፤ ብዙ ጉዳይ እዚያው ያልቃል።

ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። ሰኞ ማርች 23 ፎርሙን አስገቡ እንበል። ማስማማቱ ሳይሳካ ቀርቶ ሰርተፊኬቱ ሜይ 5 ደረሰዎት። ከማርች 24 እስከ ሜይ 5 ያለው 43 ቀን እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ኤፕሪል 8 የነበረው ወደ ሜይ 21 ይገፋል። ሕጉ በተጨማሪ ሰርተፊኬቱ ከደረሰዎት በኋላ ቢያንስ አንድ ወር እንዲኖርዎት ይፈልጋል፤ አንድ ወር ሲባል ጁን 5 ነው። ከሜይ 21 እና ከጁን 5 የሚዘገየው ይወሰዳል፣ ማለትም ጁን 5። ኤካስ ጋ የሚቆየው ጊዜ ድሮ እስከ 6 ሳምንት ነበር፤ ከዲሴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ እስከ 12 ሳምንት ሆኗል። አንዳንድ ሰው ይህን 12 ሳምንት ለክስ የተሰጠ ሌላ ቀነ ገደብ አድርጎ ሲያስብ አያለሁ። አይደለም፣ የማስማማቱ ዕድሜ ነው።

ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው፣ ኤካስን ኤፕሪል 9 ላይ ቢያነጋግሩ ምንም ቀን አይጨመርልዎትም፤ ያለቀ ሰዓት አይቆምም። ሰርተፊኬቱ ግን ያው ይሰጥዎታል፣ ሰውም «ሰርተፊኬት ስለሰጡኝ ጊዜ አለኝ ማለት ነው» ብሎ ይታለላል። ኤካስ ጊዜው ማለፍ አለማለፉን አይፈርድም። ሁለተኛው፣ በዚያው ጉዳይ ለሁለተኛ ጊዜ ሄደው ሌላ ሰርተፊኬት ቢያወጡ ቀኑ ዳግም አይገፋም። የሚሠራው የመጀመሪያው ነው።

ወዳጅዎ ያሉት አዲስ ሕግ ከሰማይ የወረደ ወሬ አይደለም። በዲሴምበር 2025 የጸደቀው የሥራ መብቶች ሕግ የትራይቡናል ጊዜን ከሦስት ወር ወደ ስድስት ወር ያሳድጋል። ይሁንና ሕግ ጸደቀ ማለት ሁሉም አንቀጽ በማግስቱ ሥራ ላይ ዋለ ማለት አይደለም። መንግሥት ይህ ክፍል ከኦክቶበር 2026 በፊት እንደማይጀምር አስታውቋል። የእርስዎ ቀን ኤፕሪል ላይ ስለሚያልቅ አይደርስልዎትም። ከአዲሱ ሕግ በፊትም ቢሆን ስድስት ወር የሚሰጣቸው ጥቂት ጉዳዮች አሉ፦ የሠራተኛ ቅነሳ ክፍያና ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ። እርስዎ ግን አልተቀነሱም፣ በጥፋት ነው የተባረሩት።

የአነጋገርዎ ነገር ከስንብቱ ለብቻው መታየት አለበት። በትውልድ አገር ወይም በዘር ምክንያት በአነጋገር መቀለድ የዘር ማዋከብ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ እንደ ስንብቱ ክስ ሁለት ዓመት መሥራት አያስፈልግም። ጊዜው እዚህም ሦስት ወር ሲቀነስ አንድ ቀን ነው፣ የሚቆጠረው ግን ከስንብቱ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ድርጊት ነው። ኦክቶበር ላይ የተናገረው ለብቻው ከታየ አሁን ጊዜው አልፏል። የሚያድነው ድርጊቶቹ አንድ ላይ የተያያዙ፣ በጊዜ ሂደት የቀጠሉ መሆናቸውን ማሳየት ነው፦ ያው ሰው፣ ያው ቦታ፣ ያው ዓይነት ንግግር፣ መጨረሻውም ስንብቱ። ስለዚህ አለቃዎ በስንብቱ ውስጥ እጁ ነበረበት ወይ የሚለው ወሳኝ ጥያቄ ነው። ምርመራውን ያካሄደው እሱ ነው? ምስክርነት ሰጥቷል? ዛሬ ማታ ቁጭ ብለው መቼ፣ የት፣ ማን ፊት፣ በትክክል ምን እንዳለ በቃሉ ይጻፉ። በአማርኛ ቢጽፉትም ችግር የለውም፣ እሱ የተናገረውን ግን በእንግሊዝኛ እንደተናገረው ያስቀምጡት። ዋትስአፕ ላይ ለሥራ ባልደረባ «ዛሬም እንዲህ አለኝ» ብለው የላኩት መልእክት ካለ እንዳይጠፋ ስክሪንሾት ያድርጉት፤ ቀኑን ስለሚያሳይ ከማስታወሻ ደብተር ይበልጣል።

ደሞዝና የዓመት ፈቃዱ ቀላል ነው። ጊዜው የሚቆጠረው ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን ነው። ደሞዝ ቀናችሁ ጃንዋሪ 30 ከነበረ እስከ ኤፕሪል 29 አለዎት፤ ለስንብቱ ኤካስን ሲያነጋግሩ ይህንንም አብረው ያንሱት። በየወሩ ሲቆረጥብዎት የቆየ ነገር ካለ ደግሞ ከመጨረሻው ጀምሮ ይቆጠራል፣ ወደ ኋላ ግን ከሁለት ዓመት በላይ አይሄድም። አራት ዓመት ስለሠሩ፣ ከባድ ጥፋቱ ካልተረጋገጠ፣ ቢያንስ የአራት ሳምንት የማስጠንቀቂያ ክፍያም ይገባዎታል። በነገራችን ላይ በውል ላይ የተመሠረተ የገንዘብ ጥያቄ ከትራይቡናል ጊዜ ቢያልፍ እንኳ በእንግሊዝና በዌልስ በካውንቲ ኮርት እስከ 6 ዓመት ሊጠየቅ ይችላል። እዚያ ግን የሚከፈል የፍርድ ቤት ክፍያ አለ።

ቀኑ ካለፈስ? እርስዎን አይመለከትም ብዬ ተስፋ ባደርግም ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ስላለ ልመልስ። ለስንብትና ለደሞዝ የሚጠየቀው ከባድ ነው፦ በጊዜው ማቅረብ በምክንያታዊነት የማይቻል እንደነበር፣ ከዚያም መሰናክሉ ሲነሳ ሳይዘገዩ እንዳቀረቡ ማስረዳት። ሆስፒታል መተኛት አንዳንዴ ይበቃል። «ሕጉን አላውቅም ነበር» ግን አለማወቁ ራሱ ምክንያታዊ ካልሆነ አይበቃም፤ ስልኩ ውስጥ ኢንተርኔት ያለው ሰው ይህን ማሳመን ይከብደዋል። እንግሊዝኛ አለመቻልም ብቻውን በር አይከፍትም። ጠበቃ ወይም አማካሪ ይዞ ያ አማካሪ ቀኑን ቢያሳልፈው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ እንደ ባለጉዳዩ ጥፋት ይቆጠራል፤ የሚቀርለት አማካሪውን መክሰስ ነው። ለመድልዎ ክስ መለኪያው ለስለስ ያለ ነው፦ ዳኛው ፍትሐዊ መስሎ ከታየው ሊያራዝም ይችላል። ይችላል እንጂ ግዴታ የለበትም።

የኤችአር ኃላፊዋ ያሳሳተችዎት ነገር፣ ቀኑ ቢያልፍ ኖሮ፣ ጠቃሚ ክርክር ይሆን ነበር። አሁን ግን ይህን መልስ ስላነበቡ «አታለውኝ ነው» ማለት አይችሉም። ስለዚህ እውቀቱን ይዘው መሮጥ እንጂ ሌላ አማራጭ የለዎትም።

ፎርም ላይ ሰው የሚወድቅበት ቦታ የአሠሪው ስም ነው። በር ላይ የተጻፈው የኬር ሆሙ ስም ብዙውን ጊዜ የአሠሪው ስም አይደለም፤ ከጀርባው ሌላ ስም ያለው ሊሚትድ ኩባንያ አለ። ፔይስሊፕዎን (የደሞዝ ወረቀትዎን) እና ፒ45ዎን (ሥራ ሲለቁ የሚሰጠውን ወረቀት) አውጥተው እዚያ ያለውን ስም ፊደል በፊደል ይገልብጡ። በኤጀንሲ በኩል የሚሠሩ ከሆነና ማን አሠሪ እንደሆነ ከተምታታብዎ ሁለቱንም ያስመዝግቡ፣ ለየራሳቸው ሰርተፊኬት ይወጣል። ኋላ ኢቲ1 የሚባለውን የክስ ፎርም ሲሞሉ ያ ስምና በ«አር» የሚጀምረው የሰርተፊኬት ቁጥር ያለ ስህተት መግባት አለባቸው። ቁጥሩ ከጎደለ ፎርሙ ሊመለስብዎ ይችላል፣ ተመልሶ እስኪመጣ ደግሞ ቀኑ ይሄዳል።

የነዋሪዎችን መበደል ወይም የመድኃኒት አሰጣጥ ጉድለት በማጋለጡ የተባረረ ሰው ይህን ካነበበ ሌላ በጣም አጭር ቀን እንዳለ ይወቅ፦ ጉዳዩ እስኪታይ ደሞዙ እንዲቀጥል ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅ የሚቻለው ሥራው ካበቃ በ7 ቀን ውስጥ ብቻ ነው። ለእርስዎ ይህ አልፏል። ዋናው ክስ ግን አላለፈም።

ለኤካስም ለትራይቡናልም የሚከፈል ነገር የለም። በ2013 ተጀምሮ የነበረውን የክስ ክፍያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁላይ 2017 ላይ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሽሮታል። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ «የኤካስ ፎርም እሞላለሁ» ብለው ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች አሉ። ለመተርጎም ላጠፉት ጊዜ ሻይ መጋበዝ ሌላ ነገር ነው፤ ለፎርሙ ብሎ መቶ ፓውንድ መክፈል ግን ዝርፊያ ነው። ሲቲዝንስ አድቫይስና የሎው ሴንተር ቢሮዎች በነጻ ያማክራሉ፣ ቀጠሮ እስኪያገኙ ግን ሳምንታት ሊፈጅ ይችላልና ኤካስን አስቀድመው ቀጠሮውን አስከትሉ። የሠራተኛ ማኅበር አባል ከነበሩም ዛሬውኑ ይደውሉላቸው። ክሱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ችሎት ሲቀርቡ ግን የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ይመደብልዎታል፣ ፎርሙ ላይ እንደሚያስፈልግዎት ማመልከት ብቻ ነው።

ይግባኙን አያቋርጡ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ኤካስን ስላነጋገሩም አሠሪው ይግባኙን ሊዘጋብዎ አይገባም። ሰኞ ፎርሙን ካስገቡ በኋላ ለኤችአር አጭር ኢሜይል ይላኩ፦ የይግባኙ ውሳኔ መቼ እንደሚደርስ፣ ደሞዝና የፈቃድ ክፍያው ለምን እንዳልተከፈለ ይጠይቁ፣ ሌላ ምንም አይጨምሩ። በማስማማቱ ወቅት ገንዘብ ቢቀርብልዎና በኤካስ በኩል ከተስማሙ፣ በቃልም ቢሆን፣ ስምምነቱ ያስራል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ስንብቱ መክሰስ አይቻልም። ስለዚህ የኤካሱ ሰው ደውሎ «ይህን ያህል ሰጥተዋል፣ እሺ ልበላቸው?» ሲልዎት «በኢሜይል ላክልኝና ነገ ልመልስልህ» ይበሉት።